እሳት ሳይነካው የሚበላ ፍራፍሬ፦ ካዝሚርን፣ ጊሽጣንና ሌሎች እንግዳ ፍሬዎችን በጥሬው ለመብላት የሚያስፈልግ እውቀት

አዲስ አበባ መሀል ካሉ የፍራፍሬ ሱቆች አንዱ ጋ ቆም ብላችሁ እዩ። ከሙዙ፣ ከብርቱካኑና ከፓፓያው ጎን ጊሽጣ አለ። ካዝሚር አለ። የተጨማደደ ሐምራዊ ፓሽን ፍሩት በትንሽ ሰሃን ተከምሯል። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ድራጎን ፍሩት አይጠፋም። ብዙ ሰው ያያቸዋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ ያው የለመደውን ሙዝ ይዞ ይሄዳል። ዋጋው አንድ ነገር ሆኖ፣ እንዴት እንደሚበሉ ስለማያውቅም ነው።

በሌላ በኩል እነዚህን ፍሬዎች ዋና ምግባቸው ለማድረግ የቆረጡ ሰዎች አሉ። አመጋገቡ ጥሬ ቪጋን ይባላል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ማር እንኳ የለበትም። በዚያ ላይ ምግቡ ከ40 እስከ 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚደርስ ሙቀት በላይ መሞቅ የለበትም ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም፣ ረቡዕና ዓርብን የማያልፍ ሰው ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ መኖርን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከባዱ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሽሮ የለም። ምስር ወጥ የለም። እንጀራም የለም፤ ምጣድ ላይ ወጥቷላ።

እሳት ኩሽናችን ውስጥ ሳናስተውለው ብዙ ሥራ ይሠራል። ጀርም ይገድላል። አንዳንድ ተክሎች ውስጥ ያለውን መርዝ ያፈርሳል። ጠንካራውን ያለሰልሳል፣ አፍ የሚያቃጥለውን ያበርዳል። እሳቱን ስንተወው ይህ ሁሉ ሥራ ወደ እኛ እጅ ይመጣል። ስለዚህ አንድን አዲስ ፍሬ በጥሬው ለመብላት ሦስት ነገር ማወቅ ግድ ነው፦ መቼ ነው የሚበስለው? የቱ ክፍሉ ነው የማይበላው? ላዩ ላይ ምን ይዞ መጥቷል? እነዚህን ያወቀ ሰው በድፍረት ይብላ። እኔ በበኩሌ ሰው ሁሉ ካዝሚርን አንዴ እንኳ ቢቀምስ ደስ ይለኛል።

መብሰሉን ማወቅ

ፍራፍሬ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላም መብሰሉን ይቀጥላል። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ካዝሚርና ፓሽን ፍሩት ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ወገን ግን ከተቆረጠ በኋላ ጣዕም አይጨምርም። አናናስ፣ ብርቱካን፣ ሮማን፣ ሐባብ፣ በለስና ድራጎን ፍሩት እንዲህ ናቸው። ጠንካራ ጊሽጣ ገዝቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ያዋጣል። ጎምዛዛ አናናስ ገዝቶ ማቆየት ግን ትርፉ መበስበስ ነው። አናናስ ሲገዛ ከሥሩ በኩል አሽትቱት። ጣፋጭ ሽታ ካለው ለዛሬ ይሆናል። ምንም ካልሸተተ ቤት ወስዳችሁትም አይሻሻልም። የኮመጠጠ ነገር ከሸተተ አልፎበታል።

የመጀመሪያውን ወገን የሚያበስለው ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ጠንካራ አቮካዶን ከበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡ ቶሎ የሚደርሰው ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ስለሚረዳው ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም። ስለዚህ ሁሉም አቮካዶ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚበስለው። ባለሱቋ "ለዛሬ ነው ለነገ?" ብላ የምትጠይቀውም ለዚህ ነው። እሷ በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ የምታውቀውን እኛም ልንለምደው እንችላለን። አንገቱ አካባቢ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ሆዱን መጫን ግን ያቆስለዋል፣ በማግሥቱም ውስጡ ጠቁሮ ይገኛል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ለቆላ ፍራፍሬ ብርድ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሙዙና ማንጎው የሚመጣበት አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ማንጎና ሙዝ ከ12 ወይም 13 ዲግሪ በታች ሲቆዩ ሴሎቻቸው በብርድ ይጎዳሉ። የሙዙ ልጣጭ ወደ ግራጫ ይጠቁራል። ማንጎው ቆዳው ላይ ጠባሳ ያወጣል፣ ውስጡም ሳይጣፍጥ ይለሰልሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር ያደረ እንጭጭ ማንጎ ፍሪጅ ውስጥ እንዳደረ ይቆጠራል። "ማንጎው ሳይበስል በሰበሰ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለዚህ ነው።

መላው ቀላል ነው። ያልደረሰውን ፍሬ ከቤቱ ሞቃት ክፍል አስቀምጡት። ኩሽና ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ተሸፍኖ። ለሊት መስኮት አጠገብ አትተዉት። ፍሪጅ የሚያስፈልገው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ያኔ ሁለት ሦስት ቀን ያቆይላችኋል። ሙዝን ግን ቢበስልም ውጭ ተዉት።

ስለ ሙዝ ካነሳን፣ ገበያ የሚመጣው ሙዝ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚጫነው። በተለመደው አሠራር ዝግ ክፍል ውስጥ ይከመርና በነጭ ጋዝ ጭስ ይበስላል። ጭሱ እንደ ኤቲሊን የሚሠሩ ጋዞች አሉት። የሚላጠው ልጣጭ ስለሆነ ጭሱ ያን ያህል አያስፈራም፣ ግን ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት። ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ የሚሸት ሙዝ ከሆነ ግን አትግዙት። ማንጎ ላይ የምታዩዋቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች ሌላ ታሪክ ናቸው። እነሱ የማንጎ ነጭ ቅርፊት ነፍሳት ይባላሉ። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታዩት እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ገበሬውንም ክፉኛ ጎድተውታል። ለሚበላው ሰው ግን ጉዳታቸው ልጣጩ ላይ ነው የሚቀረው። አሽታችሁ እጠቡት፣ ላጡት፣ ብሉት።

የማይበላው ክፍል

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። ጣፋጭ ፍሬ ሆኖ ዘሩ መርዝ የሆነ ብዙ ነው። ተክሉ ሥጋውን ለበላተኛ ይሰጣል፣ ዘሩን ግን ይጠብቃል።

ካዝሚርን እንውሰድ። ዘሩ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። መጠኑ የትንሽ ብርቱካን ያህል ነው። ቆዳው ቀጭን ሲሆን ሲበስልም አረንጓዴነቱን ብዙ አይለቅም። ስለዚህ በቀለም አይታወቅም፣ በእጅ ነው። እንደ በሰለ አቮካዶ ሲሰምጥ ደርሷል። ቆዳው ይመርራል። ግማሽ ለግማሽ ቁረጡት፤ ውስጡ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቅቤ የመሰለ ነው። በማንኪያ ከቆዳው እያላቀቃችሁ ብሉት፤ ቆዳውን አትፋቁት፣ ምሬቱ ይከተላችኋል። መሀሉ ላይ ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑ ነጫጭ ዘሮች ታገኛላችሁ። እነሱን በፍጹም አታኝኩ፣ ከጁስ ጋርም አትፍጩ። ውስጣቸው እንቅልፍ የሚያመጣና የደም ግፊት የሚያወርድ ንጥረ ነገር አለ። ሥጋው ደህና ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። ዘሩን ግን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት አውጡት።

ጊሽጣም እንደዚሁ ነው። የበሰለ ጊሽጣ በእጅ ሲከፈት እሺ ይላል፤ ቢላ አያስፈልገውም። ውስጡ ነጭ፣ ትንሽ አሸዋማ፣ ጣፋጭ ነው። እያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ አንድ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ አለ። ሥጋውን በምላስ አላቅቃችሁ ፍሬውን ትተፉታላችሁ። ሳይታኘክ ቢዋጥ ብዙ ጊዜ እንዳለ ያልፋል። ችግሩ ሲፈጭ ነው። የተፈጨ የጊሽጣ ፍሬ ቅማል መግደያ የሚያደርጉ አገሮች አሉ። ዱቄቱ ዓይን ከገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ጊሽጣ ጁስ ማድረግ ያማረው ሰው አስቀድሞ በወንፊት እያሸ ፍሬውን ይለይ። ብሌንደሩ ውስጥ አንድም ፍሬ እንዳይገባ።

በጊሽጣ ወገን ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጓዴሎፕ በተባለችው የካሪቢያን ደሴት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ የጊሽጣ ዘመድ የሆነውን ጎምዛዛ ጊሽጣ ፍሬውንም የቅጠሉን ሻይም አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎች ላይ ፓርኪንሰን ከሚባለው የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ ጋር የሚመሳሰል ሕመም በርክቶ አዩ። አልፎ አልፎ ጊሽጣ የሚበላ ሰው በዚህ መደናገጥ የለበትም። ጊሽጣን የየቀን ምግቡ ሊያደርግ ያሰበ ግን ሐሳቡን ይቀይር።

ፓሽን ፍሩት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘሩ ይበላል። ለስላሳና አንጸባራቂ ከሆነው ይልቅ የተጨማደደውን ምረጡ፤ የተጨማደደው ነው ጣፋጩ። ከላይ እንደ ክዳን ቆርጣችሁ በማንኪያ ነው የሚበላው። አረንጓዴና እንጭጭ ሳለ ግን ሳይናይድ የሚባል መርዝ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ስላለው አይነካም። የኮክ ፍሬን ሰብሮ ውስጡን መብላትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።

ዘይቱን ከነልጣጩም ከነፍሬውም ይበላል። መቶ ግራም ዘይቱን ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለ። የብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን ከመግመጣችሁ በፊት ቁረጡት። የፍራፍሬ ዝንብ ዘይቱንን ትወዳለች፣ ትሏም ውስጥ ነው የምታድገው።

በለስን ስንት ሰው እሾሁን ፈርቶ ይተዋል! በክረምት መጨረሻ መንገድ ዳር የሚሸጡት ልጆች ሲልጡት አስተውሉ። ጫፍና ጫፉን ይቆርጣሉ፣ ከላይ እስከ ታች አንዴ ይሰነጥቁታል፣ ልጣጩን ወደ ጎንና ጎን ገልጠው ሥጋውን ብቻ ያወጡላችኋል። እጃቸው ልጣጩን እንጂ ሥጋውን አይነካም። እዚያው ማስላጥ ይሻላል። ቤት ወስዳችሁ የምትልጡ ከሆነ በወፍራም ጓንት ወይም በሹካ ወግታችሁ ያዙት፤ የዓይን ፀጉር የሚያክሉት ጥቃቅን እሾሆች ጣት ላይ ከተተከሉ ቀን ሙሉ ያስለቅሳሉ። ዘሩ ይበላል፣ ግን አብዝቶ የበላ ሰው ሆዱ ክፉኛ ይደርቃል። ድራጎን ፍሩትም የቁልቋል ወገን ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ በማንኪያ ይበላል። ጣዕሙ ለስለስ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው በዋጋው ይበሳጫል። ውስጡ ቀይ የሆነውን የበላ ሰው በማግሥቱ ሽንቱ ቢቀላ አይደንግጥ፤ ቀይ ሥርም እንዲሁ ያደርጋል።

አፍ የሚያቃጥሉት

አናናስ አብዝቶ የበላ ሰው ምላሱ ሲላጥ ይታወቀዋል። ብሮሜሊን የሚባል ፕሮቲን የሚፈጭ ንጥረ ነገር አለው። እኛ ስንበላው እሱም በተራው ምላሳችንን ይበላዋል። ሙቀት ያጠፋዋል፣ ጥሬ በላተኛ ግን ሙቀት የለውም። መሀሉ ላይ ያለው ጠንካራ እንጨት መሰል ክፍል ብሮሜሊን ስለሚበዛበት እሱን ቆርጣችሁ አውጡት። ሌላው ዘዴ የተቆራረጠውን ቀለል ያለ ጨው ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መንከር ነው። ቃጠሎውን ያበርዳል፣ ጣዕሙንም ያወጣዋል። ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በባዶ ሆድ በአናናስ መፍታት፣ በተለይ ጨጓራ ላለበት ሰው፣ ራስን ማሠቃየት ነው። በሙዝ ወይም በፓፓያ ጀምሩ።

ፓፓያም ፓፓይን የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው። የሚበዛው ግን ባልበሰለው ነጭ ወተት ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት እንጭጭ ፓፓያ ባትበላ ይመከራል፤ የበሰለው ችግር የለውም። የማንጎ ሙጫ ደግሞ ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች አሉ፤ ከንፈራቸው ዙሪያ ያብጣል፣ ያሳክካል። እንዲህ ያለ ሰው ማንጎን በጥርሱ ከመላጥ ይልቅ ሌላ ሰው ልጦ ቢሰጠው ይሻላል።

ትልልቅ የተቀዳደዱ ቅጠሎች ያሉት፣ በግቢና በሆቴል በር ለጌጥ የሚተከለው ሞንስቴራም ፍሬ ያወጣል። የበሰለው አናናስና ሙዝ የተቀላቀለ ነው የሚመስለው። ለመብሰል ግን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ በፊት ካልሲየም ኦክሳሌት በሚባል ንጥረ ነገር ጥቃቅን መርፌዎች የተሞላ ነው፤ አፍና ጉሮሮ ይወጋል፣ ያሳብጣል። አረንጓዴ ቅርፊቱ ራሱ ሳይረግፍ አትቅመሱት። ቅርፊቱ ከታች ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚረግፈው፤ የረገፈለትን ያህል ብቻ ነው የሚበላው።

ውሃና ቢላ

ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ስለዚህ ዛሬ መሀል ከተማ የምንገዛው ፍራፍሬ ከአንድ በላይ እጅ፣ መኪናና መሬት ነክቶ ነው የሚደርሰን። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፣ የወስፋት እንቁላል፤ ለእሳት የምንተወው ሁሉ አሁን የእኛ ጉዳይ ነው።

የሚላጥ ፍሬ ጥሩ ጋሻ አለው። ጋሻውን የሚያፈርሰው ቢላችን ነው። ሳይታጠብ የተቆረጠ ሐባብ ላይ ቢላው ከቆዳው ያነሳውን ቆሻሻ ቀጥታ ወደ ሥጋው ይዞት ይገባል። ስለዚህ የሚላጠውንም እጠቡ። በወራጅ ውሃ፣ በእጅ ወይም በብሩሽ እያሹ። ኮምጣጤና ሎሚ ጀርሙን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ አይጨርሱትም። ውሃው ራሱ ካላስተማመናችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ውሃ አጋር በሚባለው ክሎሪን በመመሪያው መሠረት የታከመ ይሁን። ክሎሪን የወስፋትን እንቁላል አይገድልም፤ እሱን የሚያስወግደው ማሸትና ማለቅለቅ ነው።

ከፍራፍሬ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ቅጠላ ቅጠሉ ነው። ሰላጣና ቆስጣ የከተማው የፋብሪካና ሌላም ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ጭምር ይመረታሉ። ቅጠል አይላጥም። ጥሬ በላተኛ ሰው ቅጠሉ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ፣ ከቻለም በረንዳው ላይ ቢያበቅል ይሻለዋል።

ጁስ ቤት ስትገቡም ጠይቁ። ስፕሪስ የሚያምር ነገር ነው፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሀል፣ ፓፓያው ከላይ። ግን ብሌንደሩ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ስኳርም ይገባል። "ያለ ስኳር፣ ያለ ውሃ" ብላችሁ እዘዙ። አቮካዶ ያለ ውሃ አይፈጭም ካሏችሁ የታሸገ ውሃ ስጧቸው። መንገድ ዳር ተቆራርጦ በላስቲክ የተሸፈነውን ፓፓያና ሐባብ ግን እንዳያችሁት እለፉት። መቼ እንደተቆረጠ፣ በምን እንደታጠበ የሚነግራችሁ የለም።

በፍራፍሬ ብቻ መኖር ይቻላል?

ፍራፍሬ እወዳለሁ፤ ግን ሒሳቡን በግልጽ ማስቀመጥ አለብኝ። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያስፈልገው ሰው ከማንጎ ብቻ ላግኝ ቢል ከ3 ኪሎ በላይ የተላጠ ማንጎ መብላት ይጠበቅበታል። ከዚያ ሁሉ የሚያገኘው ፕሮቲን 27 ግራም ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 48 ግራም ያህል ያስፈልገዋል። አቮካዶ ይረዳል፤ አንድ መካከለኛ አቮካዶ 240 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፣ ስቡም ጥሩ ስብ ነው። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ የበቀለ ምስር ሲጨመር ሒሳቡ ይቃናል። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ለውዝ ግን ይጣል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል።

እሸት ሽምብራ በጥሬው እንደሚጣፍጥ ማንም ይመሰክራል። እሸት ባቄላም እንደዚሁ፤ ነገር ግን ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። ደረቅ ቦሎቄ ደግሞ ለማንም በጥሬው አይሆንም፤ ማብቀሉም አይበቃውም። ጓያንና ካሳቫን ደግሞ ጨርሶ በጥሬው አትሞክሯቸው።

ቫይታሚን ቢ12 ላይ ማስተባበያ የለም። ፍራፍሬ ውስጥ የለም፣ አትክልት ውስጥም የለም። ለአዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ግን ያቺ ከጠፋች ነርቭ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አንዳንዴ አይመለስም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት "ምንም አልሆንኩም" እያለ ይቆያል። እርሾ ወይም ስፒሩሊና የሚባለው የውሃ አልጌ ይተካዋል የሚል ወሬ አለ። ስፒሩሊና ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። እንክብሉን መውሰድና ደም መመርመር ነው መፍትሔው። የጾም ሰው በፍስክ ጊዜ ስንቁን ይሞላል፤ ዓመቱን ሙሉ ቪጋን የሆነ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

ጀርመን ውስጥ ጊሰን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ጥሬ የበሉ ከ500 በላይ ሰዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱን አወጡ። ከ45 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቷል ወይም ጨርሶ ቀርቷል። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው እዚያ ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት፣ ለሚያድግ ልጅ ይህን አመጋገብ ብቸኛ ምግብ ማድረግን አልደግፍም። ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምረው። ኩላሊቱን የሚታመም ደግሞ ሙዝና አቮካዶ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊጎዳው ስለሚችል የበለጠ ይጠንቀቅ።

ጥርስም አይረሳ። ቀኑን ሙሉ ጎምዛዛ ፍሬ የሚበላ ሰው የጥርሱ ገለፈት በአሲድ ይሳሳል። ከበሉ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ፣ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት መታገስ ይበጃል።

ባሕር ማዶ ለሚሄድ

ከዘመድ ጋር ወደ እስያ ወይም ላቲን አሜሪካ የሚጓዝ ሰው ገበያው ያስደንቀዋል። ሁለት ፍሬዎች ላይ ብቻ ላስጠንቅቅ። ስታር ፍሩት፣ ሲቆረጥ ኮከብ የሚመስለው፣ በልኩ ለሚበላ ጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን መርዝ ነው፤ የማያቋርጥ ስቅታ ያስይዛል፣ አእምሮ ያስታል፣ ለሞትም ይዳርጋል። ሊቺ ደግሞ በባዶ ሆድ አይበላም። ሕንድ ውስጥ ሙዛፈርፑር አካባቢ ራታቸውን ሳይበሉ ሊቺ በልተው ያደሩ ልጆች የደም ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስቱ፣ ይሞቱም ነበር። ሰበቡ ሊቺ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ስኳር እንዳይሠራ የሚከለክል ንጥረ ነገር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል።

አዲስ ፍሬ ስትሞክሩ በአንድ ቀን አንድ ብቻ ሞክሩ። መጀመሪያ ትንሽ ቅመሱና ጠብቁ። አፍ ውስጥ መጠነኛ ማሳከክ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ያን ፍሬ ግን ድጋሚ አትብሉት። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት በሽፍታ ከተሞላ ወይም ያልተለመደ ድብታ ከመጣ ጊዜ አትስጡት። ማስታወክ ወይም ወተት መጋት አይደለም መፍትሔው። በሽተኛውን ይዛችሁ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ። ስትሄዱ ከፍሬው የተረፈውን፣ ልጣጩንም ዘሩንም፣ በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ። ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን በላ?" ነው፤ ካዝሚርን በስሙ የማያውቅ ሐኪም እንኳ ዘሩን ካየው ለማጣራት ይቀለዋል።